ፎቶ ውስጥ የደበቅነው ጽሑፍ አልወጣም ሲል፦ የስቴግሃይድ ችግርና መፍትሄ

ስቴግሃይድ ጽሑፍም ሆነ ሌላ ፋይል ፎቶ ውስጥ የሚደብቅ፣ ተርሚናል ላይ ማለትም ትዕዛዝ እየጻፉ የሚያሰሩት ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው። የመጨረሻው ስሪቱ 0.5.1 በፈረንጆቹ 2003 የወጣ ቢሆንም ዛሬም ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ለመደበቅ ‹ኢምቤድ›፣ ለማውጣት ‹ኤክስትራክት› የሚል ትዕዛዝ ይሰጠዋል፤ ሁለቱም ጊዜ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። «አልሰራልኝም» ብለው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የማየው ፕሮግራሙን አይደለም፤ ፎቶው በምን መንገድ እንደተላከ ነው።

«እኔ ጋ ይከፈታል፣ የላክሁለት ሰው ጋ እምቢ ይላል»

ይሄ የደረሰብኝ ነው። ለእህቴ የቤታችንን የይለፍ ቃሎች ፎቶ ውስጥ ደብቄ በስልክ ላክሁላት። ማታውን ሙሉ ሞከረች። ፕሮግራሙ «በዚህ የይለፍ ቃል ምንም መረጃ ማውጣት አልተቻለም» ይላታል። እኔም አጻጻፏ ላይ ነው ብዬ ደጋግሜ አስጻፍኳት። እሷ ትክክል ነበረች።

ስቴግሃይድ የይለፍ ቃሉ ሲሳሳትም ፎቶው ሲበላሽም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። ሰው ቃሉን የሚጠራጠረው ለዚህ ነው። ጄፔግ ፎቶ ላይ መረጃው የሚቀመጠው ምስሉን በሚገልጹት ቁጥሮች ውስጥ ነው። የመልዕክት አፕ ፎቶውን ለማሳነስ እንደገና ሲጨምቀው እነዚያ ቁጥሮች ይለወጣሉ። ለዓይን ያው ፎቶ ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ሆኗል። ቆርጦ ወይም አርትዖ መልሶ ማስቀመጥም እንደዚያው ያጠፋዋል።

መፍትሄው፦ እንደ ፎቶ አትላኩት። ቴሌግራም ላይ «ፋይል»፣ ዋትስአፕ ላይ «ዶክመንት» ብላችሁ ላኩ። ከዚያ ሁለታችሁም ‹ሻ256ሰም› (sha256sum) የሚለውን ትዕዛዝ ፋይሉ ላይ አስኪዱና የሚወጣውን ረጅም ቁጥር አስተያዩ። አንድ ከሆነ ፎቶው ሳይነካ ደርሷል። ከተለያየ ያ ፎቶ አይድንም፤ እናንተ ጋ ያለውን እንደገና ላኩ።

ፎቶው ሳይነካ ደርሶም ቃሉን እምቢ ካለ

የይለፍ ቃሉን በአማርኛ አውጥታችሁት ይሆን? እኛ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ን አንድ አድርገን እናነባለን። ኮምፒውተሩ ግን ሞክሼ ሆሄያትን አያውቅም፤ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስትጽፉም ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ስህተቱን ማየት አትችሉም። ቁልፍ ሰሌዳው ሳይቀየር ቀርቶም ይሆናል። ቃሉን በላቲን ፊደልና በቁጥር አውጡት። ቃሉን ብቻ በሌላ መንገድ፣ ቢቻል በድምፅ፣ ንገሩት።

«የፋይሉ ዓይነት አይደገፍም»

ስቴግሃይድ ከምስል የሚቀበለው ጄፔግና ቢኤምፒ ብቻ ነው። ስክሪንሾት ብዙ ጊዜ ፒኤንጂ ነው፣ አይፎን የሚያነሳው ሄይክ ሊሆን ይችላል። የስሙን መጨረሻ መቀየር አይረዳም፤ ፕሮግራሙ የሚያየው ስሙን ሳይሆን ውስጡን ነው። ‹ፋይል› የሚለው ትዕዛዝ እውነተኛ ዓይነቱን ይነግራችኋል። ኢሜጅማጂክ በሚባለው የምስል መለወጫ ፕሮግራም ወደ ጄፔግ ለውጡት። ለውጡ መቅደም አለበት፤ ከተደበቀ በኋላ ከለወጣችሁት መረጃው ይጠፋል።

«ፎቶው አነስተኛ ነው፣ መረጃውን አይዝም»

‹ኢንፎ› ብላችሁ ጠይቁት፤ ፎቶው ስንት ኪሎባይት እንደሚይዝ ይነግራችኋል። የአማርኛ ጽሑፍ እዚህ ላይ ይከብዳል፤ አንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ ሦስት ባይት ይወስዳል። ደግነቱ ስቴግሃይድ ራሱ ጨምቆ ስለሚያስገባው ጽሑፍ ይቀንሳል። ፎቶ ውስጥ ፎቶ ለመደበቅ ከሆነ ግን ይቀንሳል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጄፔግ ቀድሞ የተጨመቀ ነው። ተለቅ ያለ፣ ዝርዝር የበዛበት ፎቶ ምረጡ።

«ወጣ ይላል፣ ፋይሉ ግን የለም»

አለ። ተርሚናሉ ያለበት ፎልደር ውስጥ፣ ሲደበቅ በነበረው ስሙ ተቀምጧል። ለዚህም ነው «ምስጢር» የሚል ስም ያለው ፋይል ባትደብቁ የምመክረው፤ ስሙም አብሮ ይሄዳል። ስትደብቁ ደግሞ ‹ሰረዝ ኤስኤፍ› (-sf) ብላችሁ አዲስ ስም ካልሰጣችሁት በዋናው ፎቶ ላይ ነው የሚጽፈው። የልጆቻችሁ ፎቶ ከሆነ ቅጂ ላይ ስሩ።

ሌላ ሰው ከፈተው

ስቴግሃይድ መረጃውን ያመሰጥረዋል፤ ደካማ የይለፍ ቃል ግን ሁሉን ያፈርሰዋል። በስቴግሃይድ የተደበቀን ለመክፈት የተሠራው ስቴግሲክ የሚባል ፕሮግራም 14 ሚሊዮን የሚያልፉ የተለመዱ የይለፍ ቃሎችን በሰከንዶች ይሞክራል። ስምና የልደት ዓመት አይበቃም። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ስድስት ቃላት ደርድሩ። ምንም ቢሆን ደግሞ ቃሉን ‹ሰረዝ ፒ› (-p) ብላችሁ ትዕዛዙ ላይ አትጻፉት፤ በተርሚናሉ ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል። ፕሮግራሙ ራሱ እስኪጠይቃችሁ ጠብቁ። ዋናው ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ካለም ሌላ ምረጡ፤ ሁለቱን ያስተያየ ሰው አንድ ነገር እንደተነካ ያውቃል።