የእንቁራሪቷ ኢንዛይም ሴል አልገድል ሲል፦ የኦንኮኔዝ ችግርና መፍትሄ

ኦንኮኔዝ ከሰሜን አሜሪካዋ ራና ፒፒየንስ እንቁራሪት እንቁላል የተገኘ፣ 104 አሚኖ አሲድ ያለው አር.ኤን.ኤ ቆራጭ ኢንዛይም ነው። የሴሎቹ ጤንነትና የፕሮቲኑ መጠን ተፈትሾ አልቋል ብለን እንነሳ።

ምልክት፦ ፕሮቲን በመጠን የሚለየው ጄል ላይ አንድ ንጹህ መስመር ይታያል፤ ኢንዛይሙ ግን አር.ኤን.ኤን የሚቆርጠው በመከራ ነው፤ ኬ-562 የሚባሉት የሰው የደም ካንሰር ሴሎችም ምንም እንዳልነካቸው ይባዛሉ።

መንስኤ፦ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይኸው ነው፤ ጥፋቱ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ነው። በእንቁራሪቷ ውስጥ የመጀመሪያው አሚኖ አሲድ ግሉታሚን በራሱ ላይ ታጥፎ ፓይሮግሉታሜት የሚባል ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱ ጌጥ አይደለም፤ ከላይሲን 9 (ዘጠነኛው አሚኖ አሲድ) ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ተያይዞ የመቁረጫው ስፍራ አካል ነው። በቤተ ሙከራ ፕሮቲኑን የሚያመርተው ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ግን በሜቲዮኒን ይጀምረዋል። ሜቲዮኒን የሚያነሳው የባክቴሪያው ኢንዛይም ደግሞ ቀጥሎ እንደ ግሉታሚን ያለ ትልቅ አሚኖ አሲድ ካገኘ አይቆርጥም። ሜቲዮኒኑ ሳይነሳ ከቀረ ቀለበቱ አይዘጋም፤ ቆራጭነቱም ገዳይነቱም ይወድቃል።

የሻጭ ወረቀት ላይ «ንጹህ ነው» ተብሎ መጻፉ እዚህ ዋጋ የለውም። ከ11,800 ዳልተን ገደማ ላይ የ148 ልዩነት በጄል አይታይም። የሞለኪውል ክብደት የሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ይሠራ፦ ክብደቱ ቀለበቱ ከተዘጋው ፕሮቲን በ148 ከበለጠ ሜቲዮኒኑ አለ፤ በ17 ከበለጠ ሜቲዮኒኑ ሄዷል፣ ቀለበቱ ግን አልተዘጋም። አሚኖ አሲዶችን ከፊተኛው ጫፍ አንድ በአንድ በሚያነበው በኤድማን ንባብ ዝምታ የምሥራች ነው፤ የተዘጋ ቀለበት አይነበብም።

መፍትሄ፦ ጂኑን ፕሮቲኑን ወደ ውጭ ከሚመራው ከፔልቢ መሪ ሰንሰለት ጋር አያይዞ ወደ ፔሪፕላዝም (በባክቴሪያው ሁለት ሽፋኖች መካከል ወዳለው ክፍተት) ማስወጣት፤ መሪው ሲቆረጥ ግሉታሚኑ ነጻ ጫፍ ይሆናል። ሌላው መንገድ ሜቲዮኒን 23ን በሉሲን ቀይሮ የጫፉን ሜቲዮኒን ሜቲዮኒን ባለበት በሚቆርጠው ኬሚካል በሳያኖጅን ብሮማይድ መቁረጥ ነው። ለውጡን ሳያደርጉ ሳያኖጅን ብሮማይድ የሚጨምሩ ሞልተዋል፤ ሰንሰለቱ 23 ላይ ለሁለት ይከፈላል። ኬሚካሉ በትነቱም ይገድላል፤ ከጭስ መሳቢያ ውጭ አይከፈት። ከዚያ ፕሮቲኑ በፎስፌት በፈር፣ ፒኤች 7 አካባቢ ይቆይ፤ ፎስፌት መዘጋቱን ያፋጥናል። ክብደቱ በ17 ሳይቀንስ ሴል ላይ መጨመር ሴል ማባከን ነው።

ለማጣራት የሚረዳውን የሂስቲዲን ቅጥያ (ታግ) ፊት ላይ መቀጠልም ያው ጥፋት ነው። ኋላ ላይም ነጻ ቦታ የለም፤ የመጨረሻው ሲስቲን 104 ከ87 ጋር በዳይሰልፋይድ ታስሯል። ደግሞስ ታግ ለምን? ፕሮቲኑ ብዙ ላይሲን ስላለው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን በሚይዘው በካታዮን ኤክስቼንጅ በቀላሉ ይጠራል።

የቀሩት ባጭሩ፦

ማከማቻው ውስጥ ዲቲቲ (ዳይሰልፋይድ የሚፈታ ኬሚካል) ካለ ሲስቲን 30ን ከ75 የሚያስረው የዳይሰልፋይድ ድልድይ ከአራቱ ድልድዮች ቀድሞ ይከፈታል፤ ያስወግዱት።

ኢንዛይሙ ቀለም ከተለጠፈበት በኋላ ከሞተ፣ ቀለሙ ላይሲን 9 እና 31ን ይዟቸው ሊሆን ይችላል።

በዴፕሲ (አር.ኤን.ኤ ቆራጮችን በሚያጠፋ ኬሚካል) የታከመ ውሃ በደንብ ካልተቀቀለ ሂስቲዲን 10 እና 97ን ያበላሻል።

ኢንዛይሙ ፖሊ-ሲ (ሳይቲዲን ብቻ ያለው አር.ኤን.ኤ) ላይ «ሞቷል» ከመባሉ በፊት ዩሪዲንና ጓኖሲን ጎን ለጎን ያሉበት መለኪያ ይሞከር፤ ምርጫው ያ ነው።

የራይቦኑክሊዬዝ (የአር.ኤን.ኤ ቆራጭ ኢንዛይም) ማገጃ ሲፈተሽ ማገጃው በደንብ የሚያግደው አር.ኤን.ኤዝ ኤ አብሮ ይኑር፤ እሱ ካልታገደ የተበላሸው ማገጃው ነው። ማገጃው በኦክሳይድ እንዳይበላሽ ዲቲቲ ይፈልጋል፣ ዲቲቲው ደግሞ ኦንኮኔዝን ይነካል፤ ስለዚህ ፈተናው አጭር ይሁን።

በ24 ሰዓት ውጤት ማንበብ ችኮላ ነው፤ 48 ይጠበቅ።

በተቃራኒው ሁሉም ሴል ወዲያው ከሞተ ኢንዶቶክሲን የሚባለው የኢ. ኮላይ ሽፋን መርዝ ወይም የአሲድ ቅሪት ይጠርጠር፤ ሂስቲዲን 10 የተለወጠበት ሙት ኢንዛይም በዚያው መንገድ ተጣርቶ ጎን ለጎን ይጨመር።