ለትግል የሚሆን ጉልበት እንዴት ይገነባል?

ደረቱ የተነፋ ልጅ ምንጣፍ ላይ ወጥቶ፣ እግሩን ተይዞ ዱብ ሲል አይታችሁ ይሆናል። ጡንቻ አንሶት አይደለም። ያለውን ጉልበት ቶሎ ማውጣት ስላልለመደ ነው። የነፃ ትግል ግጥሚያ ሁለት ጊዜ 3 ደቂቃ ነው፣ መሀል ላይ 30 ሰከንድ ዕረፍት አለ፤ ነጥብ የምታገኙበት ቅጽበት ግን ዓይን እስኪርገበገብ ያልፋል።

መጀመሪያ ጉልበት። ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ጭኖ ቁጭ ብድግ ማለት)፣ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት)፣ ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)፣ በሳምንት ሁለት ቀን። አንዴ ብቻ ማንሳት የምትችሉት 100 ኪሎ ከሆነ፣ 80 ጫኑና 5 ጊዜ አንሱ፣ 3 ደቂቃ አርፉ፣ እንዲህ እያላችሁ 4 ዙር። ዕረፍቱን አታሳጥሩት። ብዙ ሰው ላብ ካላጠመቀው የሠራ አይመስለውም፤ ላቡ ግን በትግሉ ልምምድ ይመጣል። ጀርባችሁ ከጎበጠ ክብደቱ በዝቷል፣ ቀንሱ። ጀማሪዎች በባዶው ብረት እንቅስቃሴውን ይልመዱ።

ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ፍጥነት ጨምሩበት። ቁመቱ እስከ ጉልበታችሁ በሚደርስ ሳጥን ላይ ዝለሉ፣ ከባድ ኳስ በሙሉ ኃይል ወርውሩ። በአንድ ዙር ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይበቃል። ይህ የሚሠራው ሰውነት እንደተሟሟቀ፣ ብረት ከመነሳቱ በፊት ነው። ደክሟችሁ ከዘለላችሁ የምትለማመዱት ዝግታን ነው፤ ዝላዩ ዝቅ ማለት ሲጀምር እዚያው አቁሙ።

አሁን ብዙዎች ወደሚረሱት ልምጣ፤ እጅ። የሰው የእጅ አንጓ እንደ ጂም ብረት ምቹ አይደለም፣ ላብ አለው፣ ያዳልጣል። ሁለት ፎጣ ፑል አፕ በምትሠሩበት ብረት ላይ ጣል አድርጉና የእያንዳንዱን ሁለት ጫፍ አንድ ላይ ጨብጣችሁ ራሳችሁን ወደ ላይ ሳቡ። ፎጣው ከመዳፋችሁ ትንሽ ትንሽ ማምለጥ ሲጀምር፣ ከክርን በታች ያለው ሥጋ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር፣ ያን ጊዜ በደንብ እየሠራችሁ ነው። መሳብ ያቃተው 20 ሰከንድ ተንጠልጥሎ ይቆይ። ጂም የሌላችሁ ጆንያ ውስጥ አሸዋ ሙሉና፣ ከመሬት አቅፋችሁ አንስታችሁ 20 ሜትር ያህል ተራመዱ። ጆንያ በእቅፍ ውስጥ ቅርፁ ስለሚቀያየር ለታጋይ ከብረት የሚበልጥበት ጊዜ አለ ባይ ነኝ።

ለአንገት ደግሞ መዳፋችሁን ግንባር ላይ አድርጋችሁ፣ አንገት ሳይነቃነቅ 10 ሰከንድ ግፉ፤ ከኋላም፣ ከሁለቱም ጎን እንደዚያው።

ውድድር ሲቃረብ ኪሎውን ሳይሆን የዙሩን ብዛት በግማሽ ቀንሱ። የመጨረሻውን ከባድ ስኳት ከውድድሩ 4 ወይም 5 ቀን በፊት ጨርሱ።