ቦሎው ያለፈበት፣ ሞተሩ የተቀየረ መኪና፦ ችግርና መፍትሄ

ጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ፣ በየጓሮው ሸራ ለብሶ የቆመ አሮጌ ቶዮታ ሁሉ ዋጋ አወጣ። አራት አምስት ዓመት ቦሎ፣ ማለትም የዓመታዊ ምርመራውን ተለጣፊ፣ ያልለጠፈ ሃይሉክስ፣ ዲኤክስ፣ ሃይሩፍ እየታጠበ ወደ ምርመራ ይጎርፋል። አብዛኛውም እየወደቀ ይመለሳል።

ባትሪ ቀይሩ፣ የከረመውን ነዳጅ አፍስሱ፣ ፍሬን ሸራ እዩ እያልኩ አላደክማችሁም። እሱን ታውቁታላችሁ። እኔ የምጽፈው የወረቀቱን ብልሽት ነው።

ምልክት፦ «ያለፉት ዓመታት ቅጣት መኪናውን ይበላዋል» ብላችሁ ፈርታችሁ ዝም ብላችኋል

ይህ ትንሹ ችግር ነው። ገንዘብ ነው፣ ተከፍሎ ያልቃል። መኪናው ላይ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ ግን ለጥገና አንድ ብር ሳታወጡ አጣሩ። ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነም ጉምሩክን መጀመሪያ ጨርሱ።

ምልክት፦ መርማሪው ኮፈን ከፍቶ ጎንበስ አለ፣ ሊብሬውን (የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር) አየ፣ ደግሞ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ «ሞተሩ አይገጥምም» አላችሁ

ዋናው ይኸው ነው። ወደኔ ከሚመጡት የሚበዛው ይህ ነው፣ ስለዚህ ታገሱኝ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ናፍጣ ቶዮታ ላይ ነው። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ናቸው። የመጀመሪያው 2446 ሲሲ፣ ሁለተኛው 2779፣ ሦስተኛው 2986 ነው። በመልክ ስለሚቀራረቡ አንዱ ሲነክስ (ተጣብቆ አልዞር ሲል) ሌላውን ማስቀመጥ ለመካኒክ ብዙ አያስቸግርም። «ያው ነው» ይላችኋል። ለካምቢዮው ያው ነው። ለሊብሬው ግን ያው አይደለም፤ የሞተር ቁጥሩም ሲሲውም ተቀይሯል።

ታዲያ አምና ካቻምና እንዴት አለፈ? አልፎማ አልነበረም፣ ሳይታይ ቀርቶ ነው። መኪናው በየዓመቱ ሲመላለስ አንዳንዱ መርማሪ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ የተጋገረውን ዘይትና አፈር ፍቆ ከማንበብ ይልቅ ቁጥሩን ከሊብሬው ገልብጦ ይጽፋል። ቦሎው ለዓመታት ከተቋረጠ በኋላ ስትመጡ ግን ፋይሉ እንደገና ይወጣል፣ ሁሉ ነገር እንደ አዲስ ይታያል። ያኔ የተደበቀው ሁሉ ይገለጣል።

አንድ ወጣት የአባቱን ሃይሉክስ ከደብረ ብርሃን አስጭኖ አመጣ። ሊብሬው 2ኤል ይላል። ብሎኩን በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ ስናጥበው ከብር ቀለሙ ሥር 3ኤል ብሎ የሚጀምር ቁጥር ብቅ አለ። ልጁ ክው አለ። «አባዬ እኮ በየዓመቱ ቦሎ ያወጣ ነበር!» አዎ፣ ያወጣ ነበር።

መፍትሄው፦ ለምርመራ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ብሎኩን ራሳችሁ አጥቡና ቁጥሩን አንብቡ። ቁጥሩ ያለው ብሎኩ ላይ ነው፣ ቴስታታው (ብሎኩ ላይ የሚታሰረው የሞተሩ ክዳን) ላይ አይደለም። ስለዚህ ቴስታታ ብቻ ከተቀየረ አትጨነቁ። ብሎክ ከተቀየረ ግን፣ «ሙሉ ሞተር እኮ አልቀየርኩም» ብትሉም፣ ቁጥሩ ተቀይሯል። ፎቶ አንሱት፣ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩት።

ካልገጠመ ወደ ምርመራ አትሂዱ። መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ የሞተር ለውጥ አስመዝግቡ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚባል ሕግ አለ። ሞተር መቀየር የግል ጉዳያችሁ ሳይሆን የሚያስፈቅዱት ነገር ነው፤ ለማስፈቀድም ደህናው ጊዜ ከመግጠም በፊት ነው። ተገጥሞ ከሆነ ደግሞ የሞተሩን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን (ሲገባ ቀረጥ የተስተናገደበትን ሰነድ)፣ የግዢ ደረሰኝና የገጠመውን ጋራዥ ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ። የሚጠየቀው ሰነድ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስለሚለያይ ዝርዝሩን ከመስኮቱ ጠይቃችሁ ጻፉት። በር ላይ ከቆመ ሰው አትቀበሉ።

አሁን ደግሞ ደሜን የሚያፈላው ነገር፦ ዲክላራሲዮኑ። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራም ይገዛ ሌላ ቦታ፣ ሻጩ «ወረቀት አለው» ብሎ ፎቶኮፒ ያስጨብጣችኋል። ማኅተም አለው፣ የሞተር ዓይነት ተጽፎበታል፣ ያምራል። ግን አንድ ዲክላራሲዮን ብዙ ሞተር ይዞ ይገባል፣ ቁጥሮቹም ያሉት አባሪው ዝርዝር ላይ ነው። የእናንተ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ያ ወረቀት ስኳር መጠቅለያ ነው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ደንበኞች ያንኑ አንድ ዲክላራሲዮን፣ ያችኑ ጥግ ላይ ያለች የሻይ ጠብታ ጭምር ፎቶኮፒ ሆና፣ ይዘውልኝ መጥተዋል። አንዱን «ጋሼ፣ ይሄን ማን ሰጠዎት?» ስለው «ሰውዬው ታማኝ ነው፣ ሰፈራችን ነው» አለኝ። ታማኙ ሰውዬ ስልክ አያነሳም።

ስለዚህ ሞተር ስትገዙ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት አባሪውን አስወጡ፣ ቁጥሩን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ፈልጉ። የለም? ዋጋ ቢቀንስም አትግዙ።

ሞተሩ ከሌላ ታርጋ ካለው መኪና የወጣ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ያ ቁጥር አሁንም በዚያኛው መኪና ፋይል ላይ ተመዝግቧል። የዚያኛው ባለቤት ሞተሩን ከፋይሉ ካላስነሳ ወይም ሰሌዳውን መልሶ መኪናውን ካላሰረዘ እናንተ ላይ ሊመዘገብ አይችልም። በግጭት ከተጨረሰ መኪና ሞተር የምትገዙ ሰዎች፣ ሻጩ ብሩን ከተቀበለ በኋላ ከእናንተ ጋር መስሪያ ቤት የሚመላለስበት ምክንያት የለውም። ውሉ ላይ አስገቡት፣ ቀሪ ክፍያም ያዙበት።

እና እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ቁጥር አታስፍቁ። «ግራይንደር ነካ አድርገን የሊብሬውን ቁጥር እንመታበታለን» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ፋብሪካ የመታው ቁጥር መስመሩና ጥልቀቱ እኩል ነው። በመዶሻ የተመታው አንዱ ይጠልቃል፣ አንዱ ያዘነብላል፣ ዙሪያውም የተፋቀበት ያብለጨልጫል። ልምድ ያለው ዓይን ወዲያው ይለየዋል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የቦሎ መሆኑ ይቀርና የፖሊስ ይሆናል። ንጹሕ ሞተር ገዝቶ፣ ወረቀቱን ለመፈለግ ሰንፎ፣ ቁጥር አስመትቶ መኪናው ግቢ ውስጥ ተይዞ ሣር የበቀለበት ሰው አውቃለሁ።

ምልክት፦ የቻሲስ ቁጥሩ አይነበብም

ዝገት ነው፣ ወይም ላሜራ ሠሪው ስቱኮ ለቅልቆበታል። ሃይሉክስ ላይ በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ቻሲሱ ላይ፣ አሮጌዎቹ ኮሮላዎች ላይ ሞተር ክፍሉ ውስጥ የኋላው ላሜራ ላይ ታገኙታላችሁ። በቀለም ማስለቀቂያና በጨርቅ ብቻ አጽዱ። ሽቦ ብሩሽ የፈቀድኩት ለብሎክ ነው፤ ቻሲስ ላይ፣ በተለይ የዛገ ከሆነ፣ ቁጥሩን ይዞት ይሄዳል። ብርጭቆ ወረቀትም እንዲሁ። ከጸዳ በኋላ እርሳስ አሽታችሁ በስኮች አንሱትና የራሳችሁን ቅጂ ያዙ። በልቶት ካለቀ ራሳችሁ ምንም አትንኩ፣ እንዳለ አሳዩ።

ምልክት፦ ሁሉም ይገጥማል፣ ግን ሊብሬው በእናንተ ስም አይደለም

በውክልና ገዝታችሁ ስም ሳታዛውሩ አቁማችሁታል። ሻጩ በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ፈልጉት። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ከዚያ ወራሾችን ፈልጎ፣ የወራሽነት ማስረጃ አስወጥቶ፣ አንዱ ወራሽ ዱባይ አንዱ ዋሽንግተን ሆኖ ከኤምባሲ ውክልና እስኪልክ መጠበቅ ነው። ሞተር የተቀየረው በእናንተ ጊዜ ከሆነ ለውጡን ማስመዝገብ ያለበት በወረቀት ባለቤት የሆነው ሰው ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ጉዳይ ይቆላለፋል። መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ ምርመራ።

ምልክት፦ «መኪናው ሳይንቀሳቀስ ቦሎ አወጣላችኋለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ መጣ

ሸኙት።

ምልክት፦ ኢንሹራንስ የለም

በአዋጅ 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፣ ያለሱ መኪናውን መንገድ ላይ አታውጡት። ኩባንያው ቁጥሮቹን የሚገለብጠው ከሊብሬ ነው። አሮጌው ሊብሬ ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ከሆነ ሊብሬው ሲታረም ተመልሳችሁ ሄዳችሁ አስተካክሉት። ይህን የሚያደርግ ሰው እምብዛም አላይም። አደጋ ሲደርስ ግን የካሳ ክፍሉ ያነባል። ቦሎ የሌለውን መኪናም እየነዳችሁ ምርመራ አትሂዱ፣ አስጭኑት።

ምልክት፦ ቀለም፣ ወንበር፣ ጭነት ቦታ

ቀለም ከተቀየረ አስመዝግቡ፣ ቀላል ነው። ሃይሩፍ ላይ የጨመራችሁትን ወንበር ፍቱት፣ አትከራከሩ። የአይሱዙ ካሶኒ ያስረዘማችሁ ደግሞ የጨመራችሁት ብየዳ ፍሬኑንም ባሌስትራውንም አብሮ አላሳደገውም። መርማሪው ቢጥላችሁ እኔ ከእሱ ጋር ነኝ።

ምልክት፦ ሁሉን ጨርሳችሁ አዲስ ሊብሬ አወጣችሁ፣ በዓመቱ እንደገና «አይገጥምም» ተባላችሁ

የጽሕፈት ስህተት ነው። 3ኤል የነበረው በጽሕፈት 31 ሆኖ፣ የላቲኗ ኤል አንድ ተደርጋ የተመታችበት ሊብሬ እጄ ላይ አለ። ሰውየው ተቀብሎ፣ አጥፎ ኪሱ ከቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ሳያነበው ዞረ። ሊብሬውን ስትረከቡ ከመስኮቱ ሳትነሱ የብሎኩን ፎቶ ከስልካችሁ ክፈቱና አንድ በአንድ አስተያዩ። የስምንትና የሦስት፣ የዜሮና የኦ ነገር አደራ። ከኋላችሁ ያለው ሰልፈኛ ቢያጉረመርም ያጉረምርም፣ እዚያው አሳርሙት።