ቡድን ሲሸነፍ ደጋፊ የሚሠራቸው ስህተቶች፦ የደቡብ አፍሪካ ክሪኬት

የደቡብ አፍሪካ ክሪኬት ቡድን ደጋፊ መሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቡድኑ ከአፓርታይድ ዘመን እገዳ ወጥቶ በ1992 የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ከተጫወተ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ድሉ ደጃፉ ላይ ደርሶ ተመልሶበታል፤ ያውም ደጋግሞ። ጆሃንስበርግ ጄፒ አካባቢ ሱቅ ያለው ኢትዮጵያዊ ክሪኬት ባይገባው እንኳ፣ አረንጓዴና ቢጫ ማልያ የለበሰ ደንበኛ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ የትናንቱን ውጤት ይገምታል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ አንዱ ቡድን ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። ሁለቱ መቺዎች ቦታ በተለዋወጡ ቁጥር አንድ ሩጫ ይቆጠራል፤ ኳሱ የሜዳውን ጠርዝ ካለፈ አራት ወይም ስድስት። ስድስት ውርወራ አንድ ዙር ነው። የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ የተቀለበበት፣ ወይም ሲሮጥ ሳይደርስ የተቀደመ መቺ ከጨዋታው ይወጣል።

ሽንፈቱን ሁሉ በአንድ ስድብ መጠቅለል

ይህ ቡድን “ወሳኝ ሰዓት ላይ ይርዳል” የሚል ስም ወጥቶለታል። ተጋጣሚ ቢለው የተጋጣሚ ወግ ነው። ደጋፊው ራሱ ሲቀበለው ግን ማሰብ ያቆማል፤ ሽንፈቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉምና።

በ1992 ሲድኒ ላይ በግማሽ ፍጻሜው እንግሊዝን ለማሸነፍ በ13 ኳስ 22 ሩጫ ሲቀር ዝናብ ጣለ። ጨዋታው ሲቀጥል ሰሌዳው በአንድ ኳስ 22 ሩጫ ያስፈልጋል አለ። የዘመኑ የዝናብ ደንብ ኳሶቹን ወስዶ ሩጫውን ትቶላቸው ነበር። ደጋፊው ዛሬም ድረስ “ዝናብ ነው የበላን” ይላል። ደንቡ ፍርደ ገምድል እንደ ነበር አልክድም፤ ኋላም ተሽሯል። ሆኖም ደንቡ ሁለተኛ የሚመታውን እንደሚጎዳ እየታወቀ፣ ዕጣው ደርሶት በመጀመሪያ መወርወርን የመረጠው የደቡብ አፍሪካው አምበል ኬፕለር ቬሰልስ ነው። ቡድኑ ውርወራውን አጓትቶ የእንግሊዝ ተራ በ50 ፋንታ በ45 ዙር እንዲያበቃ ያደረገውም ራሱ ነው።

በ2003 በገዛ አገሩ፣ ደርባን ላይ፣ ጥፋቱ የሒሳብ ነበር። ከስሪላንካ ጋር ሲጫወቱ ዝናብ እየመጣ ነበር፤ ማርክ ባውቸር በስድስት ሩጫ ምት ቡድኑን 229 አደረሰው። ዝናቡ ጨዋታውን ካቋረጠው 229 ያሸንፋል የሚል መልእክት ደርሶት ስለ ነበር የሚቀጥለውን ኳስ ዝም ብሎ ዘጋው። ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ግን 230 ነበር፤ 229 እኩል ያወጣል እንጂ። አስተናጋጇ አገር ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ይህ መራድ አይደለም፤ ወረቀት በትክክል አለማንበብ ነው። በ2024 ባርቤዶስ ላይ በተካሄደው የቲ20 (ለእያንዳንዱ ቡድን 20 ዙር ብቻ የሚሰጠው አጭር ጨዋታ) የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደግሞ በ30 ኳስ 30 ሩጫ ብቻ ሲቀር ሕንድ በሰባት ሩጫ አሸነፈች። እዚያ የነበረው የሕንዱ ወርዋሪ ጃስፕሪት ቡምራ ነው፤ በአራት ዙሮቹ 18 ሩጫ ብቻ ነው የሰጠው። አንዳንዴ ተጋጣሚው ይበልጣል። ይህን መናገር ክህደት የሚመስለው ደጋፊ ብዙ ነው።

አንድ ሰው ላይ መዝመት

በ1999 የዓለም ዋንጫ፣ በእንግሊዝ ሄዲንግሊ ሜዳ፣ የደቡብ አፍሪካው ኸርሼል ጊብስ የአውስትራሊያው አምበል ስቲቭ ዎ የመታውን ኳስ ከቀለበ በኋላ፣ በደስታ ወደ ላይ ሊወረውረው ሲቸኩል ከእጁ አመለጠው፤ ቅልቡም አልተቆጠረም። ዎ ማንም ሳያስወጣው 120 ሩጫ አስቆጥሮ ጨረሰ። ከአራት ቀን በኋላ በግማሽ ፍጻሜው ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ተገናኙ። የመጨረሻው ዙር ላይ ላንስ ክሉዝነር ሁለት ጊዜ አራት አራት መታ፤ ውጤቱ 213 ለ213 ሆነ። በአራት ኳስ አንድ ሩጫ ብቻ ቀረ። ክሉዝነር መትቶ ሮጠ፤ አለን ዶናልድ ዘገየ፣ ዱላውም ከእጁ ወደቀ፤ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። እኩል በመውጣታቸው ከግማሽ ፍጻሜው በፊት በነበረው የውድድሩ ምዕራፍ ከፍ ብላ የጨረሰችው አውስትራሊያ ለፍጻሜ አለፈች።

ያን ጊዜ ጊብስና ዶናልድ ያልተባሉት የለም። ባውቸርም በ2003 ተራው ደርሶት ነበር። መጋቢት 2006 ጆሃንስበርግ፣ ዋንደረርስ ስታዲየም፦ አውስትራሊያ 434 አስቆጠረች፤ በ50 ዙር ያን ያህል አስቆጥሮ የሚያውቅ ቡድን አልነበረም። ጊብስ 175 መታ። አንድ መቺ ቢወጣ ተራው በሚያበቃበት ሰዓት፣ ሁለት ኳስ ሲቀር ባውቸር አራት መትቶ 438 አደረሰው፤ ድሉ የደቡብ አፍሪካ ሆነ። በ2024ቱ ፍጻሜ አምበል የነበረውና ከሽንፈቱ በኋላ “አይችልም” የተባለው ኤይደን ማርክራምም በ2025 ለንደን ሎርድስ ሜዳ ላይ በቴስት (እስከ አምስት ቀን የሚዘልቀው ጨዋታ) የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ 136 አስቆጥሯል።

ሽንፈቱን የቀለም ጉዳይ ማድረግ

ይህ ከሁሉም ይከፋል። ደቡብ አፍሪካ በቡድኑ ውስጥ በአፓርታይድ ተገፍተው የኖሩ ተጫዋቾች ቁጥር እንዲጨምር ዒላማ አውጥታለች። ዒላማው እንዴት ይፈጸም የሚለው ክርክር ተገቢ ነው። ተገቢ ያልሆነው ቡድኑ ሲያሸንፍ ተረስቶ፣ ሲሸነፍ ብቻ የሚነሳው ክርክር ነው። ቴምባ ባቩማ በ2023 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ያለ አንዳች ሩጫ ሲወጣ “በኮታ የገባ” ያሉት ሰዎች፣ ሌሎቹ ቀድመው የሚገቡ መቺዎችም በዚያ ቀን እንደ ወደቁ አላነሱም። ያው ባቩማ በሎርድስ አምበል ነበር። ጭኑ ታሞ እያነከሰ 66 አስቆጠረ፤ አውስትራሊያ ተሸነፈች፤ ቡድኑ ከ1998 በኋላ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ዋንጫ አነሳ። በዚያ ጨዋታ ዘጠኝ ተጋጣሚ ያስወጣው ካጊሶ ራባዳ ነው። አሁን ኮታ የሚል የለም፤ እስኪሸነፉ ድረስ።

“ጨዋታ እኮ ነው” ብሎ ማጽናናት

ለቅሶ ቤት ገብቶ “ሁላችንም እንሞታለን” የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ግን ማን ይወደዋል? የተሸነፈ ደጋፊ አጠገብም እንደዚያው ነው። ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ከሆነ ሻይ ጋብዞ ዝም ማለት ይበቃል። ትንታኔው ለሳምንት ይቆይ።

ማልያውን አጥፎ አራት ዓመት መጥፋት

በዓለም ዋንጫ ብቻ ብቅ የሚል ደጋፊ የሚያየው ፈተናውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ቡድኑ ሁልጊዜ የሚወድቅ ይመስለዋል። መሀል ላይ ያሉትን ተራ ጨዋታዎች ያየ ግን ማን እንዳደገ፣ ማን እንደ ደከመ ያውቃል።

ደግሞ ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ብሔራዊ ቡድን አለ። የሴቶቹ ቡድን በ2023 ኬፕታውን ላይ በአውስትራሊያ፣ በ2024 ዱባይ ላይ በኒውዚላንድ የቲ20 ፍጻሜ ተሸነፈ። በ2025 ደግሞ ናቪ ሙምባይ ላይ በ50 ዙሩ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሕንድ በ52 ሩጫ አሸነፈችው። በዚያ ፍጻሜ አምበሏ ላውራ ቮልቫርት 101 መታለች፤ በግማሽ ፍጻሜው ደግሞ 169። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ፍጻሜ፣ ሦስት ሽንፈት። የወንዶቹን ሽንፈት በቃሉ የሚያነበንብ ደጋፊ እነዚህን ሦስቱን ካላወቀ፣ የሚደግፈው ግማሹን ቡድን ነው።