ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ጋናሽ፦ ችግርና መፍትሄ

የልደት ኬክ በተቆረሰ ማግስት ፍሪጁን የከፈተ ሰው አንድ ነገር አያጣም፤ ከጥግ የተገፋች፣ እስከ ወገቧ ጋናሽ (የቸኮሌትና የክሬም ቅልቅል) የያዘች ጎድጓዳ ሳህን። ኬኩን ለማልበስ 400 ግራም ተሠርቶ 250 ግራሙ በቅቷል፤ የቀረው "ለሌላ ጊዜ ይሆናል" ተብሎ ገብቷል። በሦስተኛው ቀን ግን ወይ ድንጋይ ሆኗል፣ ወይ ዘይቱን ተፍቷል፣ ወይ አጠገቡ ያደረውን ሽንኩርት ጠረን ጠጥቷል። ከዚያ ወደ ቆሻሻ መጣያ ነው። ጅማ ውስጥ በትእዛዝ ኬክ መሥራት የጀመርኩ ሰሞን እኔም ብዙ ደፍቻለሁ። ዛሬ ሳስበው አብዛኛው የሚድን ነበር።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ስትሠሩት ስንት በስንት እንደነበር አስታውሱ። ጋናሽ ቸኮሌትና ትኩስ ክሬም ነው፤ የቸኮሌቱ ስብ በክሬሙ ውሃ ውስጥ ደቅቆ ተበትኖ ይኖራል። እኩል በእኩል ከሆነ፣ ማለትም 200 ግራም ቸኮሌት በ200 ግራም ክሬም፣ ለስላሳ ነው። ሁለት እጅ ቸኮሌት በአንድ እጅ ክሬም ከሆነ ጠጣር ነው። ይህን ሳያውቁ ማከም በሽታውን ሳይጠይቁ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

ማንኪያ አልገባ ብሎታል

ይህ ችግር አይደለም። የካካዎ ቅቤ የሚቀልጠው 34 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይጠጥራል። ችግሩ የሚመጣው ድስቱን ቀጥታ እሳት ላይ ስትጥዱት ነው፤ ሥሩ ሲያር ላዩ ገና ድንጋይ ነው። ውሃ አፍሉና ከእሳት አውርዱት፤ ጎድጓዳ ሳህኑን ላዩ ላይ አስቀምጡ፤ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን አይንካ። የጅማ ከፍታ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያም ቢሆን ለቸኮሌት እሳት ነው። አሥር ደቂቃ ታገሡ፤ አልፎ አልፎ ብቻ አማስሉ። በጣታችሁ ወስዳችሁ ከንፈራችሁን ብታስነኩት ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማችሁ ደርሷል። ማይክሮዌቭ ያለው ሰው በ15 ሰከንድ እያቋረጠ ያሙቅ።

ዘይቱን ተፍቷል

ሰው ሁሉ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ላዩ ላይ ቢጫ ዘይት ይንሳፈፋል፤ ሥሩ እንደ ተቋጠረ ጭቃ ይሆናል፤ ባማሰሉት ቁጥር ይብሳል። መጀመሪያ የገጠመኝ ዕለት ቡና ልትጠጣ የመጣች አንዲት ትልቅ ሴት ጎረቤቴ ሳህኑን አየት አድርጋ "ልጄ፣ ይህ እኮ ቅቤና አሬራ ሆነ" አለችኝ። ጋናሽ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም፤ የተናገረችው ግን ልክ ነበር። ወተት ሲናጥ ስቡ ተሰባስቦ እንደሚለይ ሁሉ፣ እዚህም የቸኮሌቱ ስብ ውሃውን ትቶ ለብቻው ተሰብስቧል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሙቀት መብዛቱ ነው። ሌላው ምክንያት የውሃ ማነስ ነው፤ ክሬሙ ሲሠራ ብዙ ፈልቶ ተንኗል፣ ወይም ቸኮሌቱ በዝቷል። ብዙ ሰው ግን "ቀጠነ" ብሎ ቸኮሌት ይጨምራል። ስብ በበዛበት ላይ ስብ!

የሚያስፈልገው ውሃ ያለው ነገር ነው። ጋናሹ በጣም ከሞቀ መጀመሪያ ለብ እስኪል አሳርፉት። ከዚያ ለ200 ግራም አንድ የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ወተት መሃሉ ላይ ጠብ አድርጉና በእጅ መምቻ እዚያው መሃሉን ብቻ በጠባቡ ምቱ፤ ዳር ዳሩን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ የባሰበት ይመስላል። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ መሃል ላይ ሳንቲም የምታህል የምታብረቀርቅ ክብ ትወጣለች፤ ያቺን እያሰፋችሁ ዙሪያውን ቀስ በቀስ ሳቡት። ካልተያያዘ ሁለተኛ ማንኪያ፣ ቢበዛ ሦስተኛ። ሲድን ከመምቻው ላይ እንደ ሐር ወርዶ ፈለጉን ለአፍታ ይዞ ይቆያል።

ወተቱን ካሞቃችሁ አይቀር አንድ የኮረሪማ ፍሬ ፈልፍላችሁ፣ ዘሩን ወቅጣችሁ፣ በግማሽ ስኒ ወተት ውስጥ አንዴ አፍሉትና አጥልሉት። ኮረሪማና ቸኮሌት የሚስማሙትን ያህል ቫኒላና ቸኮሌት አይስማሙም፤ ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ደግሞም ኮረሪማው ከደጃችን ገበያ አለ። ወፍራም ጥቁር ቡናም በወተቱ ፋንታ ይሠራል። ዋናው ነገር ፈሳሹ ትኩስ መሆኑ ነው።

ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል

ከፊሉ ቀልጦ ከፊሉ ሳይቀልጥ ቀዝቅዟል ማለት ነው። እንደገና ከላይ በተባለው መንገድ አሙቁት፤ በዚህ ጊዜ ግን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ድረስ፣ ማለትም ጣት ሲነካው ሞቅ የሚል ግን የማያቃጥል ይሁን። ከዚያ በጁስ መፍጫ ለጥቂት ሰከንድ አዙሩት። ካልለቀቀና አሸዋው ስኳር ስኳር የሚል ከሆነ ኬክ ሊጥ ውስጥ ጨምሩት፤ ከተጋገረ በኋላ ማንም አያውቅበትም።

እጅ ላይ ይቀልጣል፣ አልድቦለቦል ይላል

እኩል በእኩል የተሠራ ጋናሽ ድቡልቡል ከረሜላ አይሆንም፤ ክሬሙ ይበዛል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የተረፈው 200 ግራም ውስጥ 100 ቸኮሌትና 100 ክሬም አለ፤ 100 ግራም ቸኮሌት ብትጨምሩ ሁለት ለአንድ ሆነ። አጨማመሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቸኮሌቱን ለብቻው አቅልጣችሁ ቀዝቃዛ ጋናሽ ከደባለቃችሁበት ወዲያው ይቋጠራል፤ የቀለጠ ቸኮሌት ትንሽ ውሃ ሲነካው እንዲህ ነው። ጋናሹን አሙቁና ቸኮሌቱን በደቃቁ ከትፋችሁ እሱ ውስጥ ጨምሩት፤ በራሱ ሙቀት ይቅለጥ። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ከቆየ በኋላ በሻይ ማንኪያ እየቆረጣችሁ በቀዝቃዛ እጅ አድቦልቡሉ። ለማንከባለያ ሁሉም ሰው የካካዎ ዱቄት ይላል። እኔ ተቆልቶ እንደ ዱቄት የደቀቀ ቡና ከዱቄት ስኳር ጋር እኩል ደባልቄ ነው የማንከባልለው። ጅማ ተቀምጦ ቡና ለሌላ ሰው መተው አይሆንልኝም።

ስመታው ሻከረ

ቀዝቃዛ ጋናሽ ሲመታ አየር ይዞ የኬክ ክሬም ይሆናል፤ ቀለሙ ፈካ ሲል ማቆም ነው። ያለፈበት ይሻክራል። ሩቡን ለይታችሁ አቅልጡና መልሳችሁ ቀላቅሉት፤ ይመለሳል።

ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል

ስብ ጠረን ይስባል። የእኛ ፍሪጅ ደግሞ ንጥር ቅቤውም፣ የተፈጨው ነጭ ሽንኩርትም፣ ትናንት ያደረው ወጥም ያለበት ነው። ለዚህ መድኃኒት አላገኘሁም። ኮረሪማም አይሸፍነውም፤ እንዲያውም ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። አንድ ጊዜ "ማን ያውቅበታል" ብዬ ቦምቦሊኖ ውስጥ ሞልቼ ያቀረብኩለት የስድስት ዓመት ልጅ "ውስጡ ምን ወጥ ነው?" ብሎ ጠይቆኛል። ገና ሲተርፍ ፕላስቲኩን ጋናሹ ላይ አስነክታችሁ ሸፍኑት፤ ከዚያ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይግባ። ፕላስቲኩ ላዩ እንዳይደርቅም ይጠብቀዋል።

ላዩ ላይ ነጭ ነገር አለ

ጠፍጣፋና ደረቅ ግራጫ ከሆነ ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ ነው፤ ሲሞቅ ይጠፋል፣ አይጎዳም። ጠጉር ያለው፣ አረንጓዴ የሚል ወይም የሚያሙለጨልጭ ከሆነ፣ ወይም ሲሸት ከኮመጠጠ፣ ሙሉውን ጣሉ። ላዩን ገፍፎ ሥሩን መብላት አይሠራም፤ ሻጋታ ሥሩ ከሚታየው በታች ይሄዳል።

እዚህ እንዳይደርስ፦ በትኩስ ክሬም የተሠራ ጋናሽ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ፍራፍሬ ከገባበት ከሁለት ሦስት ቀን አይለፍ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ፤ ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪዘር ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቀመጣል። በቅበላ ማግስት የተረፈ ጋናሽ እያዩ የሚያዝኑ ሰዎች አሉ፤ የሁዳዴ 55 ቀን ፍሪዘር ውስጥ አልፎ ለፋሲካ ይደርሳል። ከፍሪዘር ሲወጣ ግን ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ እንደተሸፈነ ይቅለጥ፤ በተለይ በክረምት፣ የጅማ አየር በረጠበበት ወቅት፣ ገልጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ላዩ ላይ ጤዛ ይወርድበታል።

የጾም ነው ብዬ ሠርቼው ነበር

በአትክልት ክሬም ተሠርቷል ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ የአትክልት ክሬም የወተት ፕሮቲን አለበት፤ ማሸጊያው ላይ ኬዚኔት (caseinate) የሚል ካያችሁ የጾም አይደለም። የወተት ቸኮሌት ከገባበትማ አለቀ። የአትክልት ክሬም ብዙ ጊዜ ስኳር ስላለበት የተረፈውን ሌላ ነገር ውስጥ ስትጨምሩ ከስኳሩ ቀንሱ። ቸኮሌቱ የካካዎ ቅቤ ሳይሆን የፓልም ዘይት ያለበት ርካሹ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አፍ ውስጥ እንደ ሻማ ይለጠፋል። እንዲህ ያለው ትኩስ መጠጥ ውስጥ ይሻላል እንጂ ድቡልቡል አይሁን።

ሁለት ማንኪያ ብቻ ነው የተረፈው

ሳህኑን ለማጠብ አትቸኩሉ። አንድ ብርጭቆ ወተት አፍሉና እዚያው ሳህን ውስጥ አፍስሱ፤ ዳር ዳሩ ላይ የተጋገረው ሁሉ እስኪለቅ በላስቲክ ማንኪያ እያሻሻችሁ አማስሉ፤ ጨው በሁለት ጣት ቆንጥራችሁ ጣል አድርጉ። ስኳር አይፈልግም። ልጆቹ ካልተኙ ብርጭቆው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ከተኙ የሠራው ሰው ቆሞ እዚያው ምድጃው አጠገብ ይጠጣዋል።