ለሕብለ ሰረሰር ጉዳት የደም ጠቋሚ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ

ከዛፍ የወደቀ ወይም ዓባይ በረሃ ላይ መኪና የተገለበጠበት ሰው እግሩ አልታዘዝ ብሎት ደብረ ማርቆስ ሲደርስ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነርቩ ጨርሶ መቋረጡ ወይም የተረፈ ነገር መኖሩ ነው። ይህን የሚነግረን አሁንም የአካል ምርመራ ነው። በየጎኑ 10 ቁልፍ ጡንቻዎች ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ በየጎኑ 28 የቆዳ ቦታዎች በጥጥና በመርፌ ጫፍ ይነካሉ፤ በመጨረሻም የፊንጢጣ ስሜትና የመጭመቅ አቅም ይታያል። ይህን የመጨረሻውን በይሉኝታ መዝለል ከባድ ጥፋት ነው፤ ጉዳቱን ሙሉ ወይም ከፊል የሚያሰኘው እሱ ነውና።

የደም ጠቋሚ፣ ማለትም ነርቭ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን፣ የሚያግዘው ታካሚው ራሱን ስቶ፣ ሰክሮ ወይም የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶለት እንዲህ መመርመር ሲያቅት ነው። ጂኤፍኤፒ የሚባለው ፕሮቲን ከነርቭ ደጋፊ ሕዋሳት ወጥቶ በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ይጨምራል፣ በቀናት ውስጥም ይወርዳል። ኒውሮፊላመንት ቀላሉ ሰንሰለት የሚባለው ፕሮቲን ግን ከተበጠሰው የነርቭ ክር ቀስ እያለ ይወጣል፤ ለቀናት እየጨመረ ሄዶ ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ በ4ኛው ሰዓትና በ3ኛው ቀን የተወሰደ ደም ፈጽሞ አይወዳደርም።

እንግዲህ ከመርፌው በፊት ሰዓቱ ይጣራ። አስታማሚው «ከብት ሲገባ ነው የወደቀ» ካለ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ማለቱ ነው፤ «ጋሼ፣ ፀሐይ ገብታ ነበር ወይስ ገና ነበረች?» ብሎ ማጥበብ ይቻላል። ነርሷ በእኛ አቆጣጠር 8:00 ብላ የጻፈችውን የላቦራቶሪው ኮምፒዩተር 14:00 ይለዋል። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ 6 ሰዓት ይሳሳታል፣ ውጤቱም ዋጋ ያጣል። የጉዳቱ ሰዓትና ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ሁለቱም ቱቦው ላይ ይጻፉ።

ደሙ ግሉኮስ ከማይሄድበት ክንድ ይቀዳ። በ21 ቁጥር መርፌ 4 ሚሊ ሊትር ወደ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ይግባና ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገለባበጥ። መናጥ አይገባም። ቀጭን መርፌና ኃይለኛ መሳብ ቀይ የደም ሕዋስን ያፈነዳሉ፤ ኤንኤስኢ የሚባለው ጠቋሚ ቀይ ሕዋስ ውስጥ ስላለ ደሙ ሲፈነዳ ያለ አንዳች የነርቭ ጉዳት ይጨምራል። ፕላዝማው ሮዝ ከሆነ ለኤንኤስኢ አይሆንም፤ እንደገና ይቀዳ።

ደሙ ከተቀዳ በ1 ሰዓት ውስጥ ቱቦው ሴንትሪፉጅ በሚባለው ማሽከርከሪያ በ1,500 ጂ (ከመሬት ስበት 1,500 እጥፍ በሆነ ኃይል) ለ10 ደቂቃ ይሽከርከር። «በደቂቃ 3,000 ዙር» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ክንዱ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሴንትሪፉጅ 1,500 ጂ ገደማ ይሰጣል፣ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነው ግን 1,000 ብቻ ነው። ከላይ የቀረው ፈሳሽ፣ ፕላዝማው፣ ሲቀዳ በቀይ ሕዋሱና በፕላዝማው መካከል ካለው ነጭ የሕዋስ ሽፋን በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይተው፤ ፒፔቱ ነጩን ከነካ ሕዋስ ይቀላቀላል። ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሊትር ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ። መከፋፈሉ ግድ ነው፤ አንዱን ለመለካት ሁሉንም ማቅለጥ አይኖርብንምና። መብራት ጠፍቶ የቀለጠ ናሙና ካለ ስንት ጊዜ እንደቀለጠ ይመዝገብ።

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር የሚላክ ከሆነ መጀመሪያ ፕላዝማው ይለይ። ያልተለየ ደም መንገድ ላይ ይናጣል፤ ከበረዶ ጋር በቀጥታ ከተገናኘም ቀይ ሕዋሱ ቀዝቅዞ ይፈነዳል። የተለየው ፕላዝማ በክትባት ማጓጓዣ ሳጥን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሆኖ በዚያው ቀን ይድረስ። ቀጣዮቹ ናሙናዎች በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት ቢወሰዱ ከአንድ ነጠላ ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ይታያል። ኤላይዛ የሚባለው ተራ የላቦራቶሪ መለኪያ ደም ውስጥ ያለውን ትንሽ ኒውሮፊላመንት ላያገኘው ስለሚችል ላቦራቶሪው በፒኮ ግራም (በግራም ትሪሊዮንኛ) የሚለካ መሣሪያ እንዳለው አስቀድሞ ይጠየቅ።

ቁጥሩ ሲነበብ ጭንቅላቱም ተመትቶ እንደሆነ ይታይ፤ ጂኤፍኤፒ ከአንጎልም ይመጣል። ኩላሊቱ የደከመና ዕድሜው የገፋ ሰው ኒውሮፊላመንቱ ያለ ጉዳትም ከፍ ይላል። ኤስ100ቢ የሚባለው ሌላ ጠቋሚ ደግሞ አጥንት ሲሰበር ስለሚጨምር አከርካሪው በተሰበረ ሰው ላይ ብቻውን አይታመንም። አሜሪካ በ2018 ጂኤፍኤፒንና ዩሲኤች-ኤል1 የሚባለውን ሌላ የነርቭ ሕዋስ ፕሮቲን የሚለካውን ምርመራ የፈቀደችው ለቀላል የአንጎል ጉዳት ነው፤ ያንን መቁረጫ ቁጥር ለሕብለ ሰረሰር መዋስ አይቻልም። በአንድ ከፍተኛ ቁጥር ተነስቶ ለቤተሰቡ «አይነሳም» ማለትም አይገባም።

ሕክምናው ውጤቱን አይጠብቅም፦ አንገትና ጀርባው ሳይታጠፍ ይያዝ፣ ደም ግፊቱ እንዳይወርድ ይጠበቅ፣ ካቴተር ይግባ፣ በየ2 ሰዓቱ ቢያንስ በ4 ሰው እንደ ግንድ ተያይዞ ይገላበጥ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውም በተቻለ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሠራለት ቶሎ ይላክ።