የአሮጌውን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ አዲሱ ላይ ሲሰኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምፒውተር ሞተ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሞተው ማዘርቦርዱ፣ ፓወር ሰፕላዩ ወይም ስክሪኑ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ደህና ነው። ስለዚህ ባለቤቱ "ዲስኩን ፈትቼ አዲሱ ላይ ልሰካው" ቢል አልተሳሳተም። ጥገና ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት የታዘብኩት ግን በዲስክ ብልሽት ከጠፋው ፋይል ይልቅ በባለቤቱ ችኮላ የጠፋው እንደሚበዛ ነው። ዲስክ ገበያው ሞልቶታል፤ የአሥር ዓመት የሒሳብ መዝገብና የሟች አባት ፎቶ ግን የሚሸጥ ሱቅ የለም። መጀመሪያ ፋይሉን ያውጡ፤ ዕቃው ምን ይሁን የሚለው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሮጌው ዊንዶው እንዳለ ይነሣል ብሎ ማሰብ

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶው የተጫነው ለድሮው ማዘርቦርድ ነው፤ የሚያውቀው የዚያን ቺፕሴትና የዚያን የዲስክ መቆጣጠሪያ ድራይቨር ነው። ሌላ ማሽን ላይ ሲነሣ የገዛ ዲስኩን ማንበብ ያቅተውና "ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ" የሚል ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ዊንዶው 10 ከቀደሙት ይሻላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሪስታርት አድርጎ ራሱን ሲያስተካክል አይቻለሁ። ከዊንዶው 7 ግን ብዙ አይጠብቁ። በዚያ ላይ የቆዩ ኮምፒውተሮች የሚነሡት ሌጋሲ ባዮስ በሚባለው የድሮ ማስነሻ፣ አዲሶቹ ዩኢኤፍአይ በሚባለው ስለሆነ፣ ኤምቢአር በሚባለው የድሮ አከፋፈል የተከፋፈለ ዲስክ አዲሱ ማሽን ላይ እንደ ማስነሻ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ላይሰንሱም ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ከሆነ ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰረ ነው።

ደግሞስ ቢነሣ ምን ሊጠቅም? ማይክሮሶፍት ለዊንዶው 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። አዲሱ ማሽን ላይ አዲስ ዊንዶው ይጫኑና አሮጌውን ዲስክ እንደ ሁለተኛ ማስቀመጫ ይሰኩት። ብቻ ዊንዶው በሚጫንበት ሰዓት አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። በመጫኛው ገጽ ሁለቱ ዲስኮች "ድራይቭ 0" እና "ድራይቭ 1" ተብለው ነው የሚታዩት፤ መጠናቸው ከተቀራረበ የትኛው የቱ እንደሆነ ለባለሙያም ያደናግራል። ዴሌት የምትለዋ ደግሞ እዚያው ከሥራቸው ናት።

ስለገባ ብቻ መሰካት

የላፕቶፕ ዲስክ (2.5 ኢንች) የሚበቃው 5 ቮልት ስለሆነ በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ይሠራል። የዴስክቶፑ 3.5 ኢንች 12 ቮልትም ይፈልጋል፤ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለው ኬዝ (ዲስኩ የሚገባበት ሣጥን) ወይም አዳፕተር ካልተገዛለት አይሽከረከርም። ብዙዎች ይህን አይተው "ዲስኩ ሞቷል" ብለው ይጥሉታል። የባሰው ደግሞ፣ የኬዙ አዳፕተር ሲጠፋ ሶኬቱ ገጠመ ተብሎ የላፕቶፕ ቻርጀር ይሰካበታል። የላፕቶፕ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 19 ቮልት ነው። 12 የለመደውን ዲስክ በአንድ ሰከንድ ያቃጥለዋል።

በጣም አሮጌ ማሽን ከሆነ ዲስኩ 40 መርፌ ያለው ሰፊ ገመድ የሚቀበል አይዲኢ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ የተለየ ማገናኛ አለ። እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ኤም.2 ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ኬዛቸው ግን ይለያያል፤ ሲገዙ ሁለቱንም የሚቀበል ብለው ይጠይቁ።

"ፎርማት ይደረግ?" ሲል እሺ ማለት

ዲስኩን ሰክተው ዊንዶው "ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብህ" የሚል መልእክት ካመጣ እጅዎን ከማውሱ ላይ ያንሡ። አነጋገሩ የትእዛዝ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን "እኔ ይህን ማንበብ አልቻልኩም" ብቻ ነው። ያልቻለበት ምክንያት ብዙ ነው። ዲስኩ ከማክ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ዊንዶው ኤፒኤፍኤስና ኤችኤፍኤስ ፕላስ የሚባሉትን የማክ አሠራሮች አያነብም። ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ከተጫነበት ኮምፒውተር የወጣም ሊሆን ይችላል። ወይም ኮምፒውተሩ መብራት በድንገት ጠፍቶበት የፋይል ማውጫው ተዛብቶ ይሆናል። በሦስቱም ፋይሎቹ ያሉበት ናቸው። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ሲገቡ የሚመጣው "ኢኒሺያላይዝ" የሚለው ጥያቄም የዚሁ ወንድም ነው፤ ካንስል ይበሉት።

እዚህ ላይ የሚጠቅመው ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት ፍላሽ ነው። ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሥተው "ትራይ" የሚለውን ቢመርጡ፣ አዲሱ ዊንዶው ሳይነካ የዊንዶውንም የሊኑክስንም ዲስክ ያነብልዎታል። የማክ ዲስክ ከሆነ ሌላ ማክ ፈልጎ መሰካቱ ይቀላል።

እሺ ብለው ከነበረስ? ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ነው የሚያጠፋው። ዲስኩ ላይ አንዲት ፋይል እንኳ ሳይጨምሩ ያቁሙና በማዳኛ ፕሮግራም ይሞክሩ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ብዙው ይመለሳል፤ ስሙና ፎልደሩ ግን ላይመለስ ስለሚችል ሺህ ፎቶ በቁጥር ብቻ ተሰይሞ ቢያገኙ አይገረሙ።

"ፈቃድ የለህም" ሲል መደናገጥ

በአሮጌው ዲስክ ዩዘርስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ የድሮ ስምዎን ሲነኩ ፈቃድ የለህም ይላል። አልተቆለፈም። አዲሱ ዊንዶው የድሮውን ባለቤት ስለማያውቀው ነው። ኮንቲኒው ይበሉና ይጠብቁ፤ ፋይሉ ከበዛ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። መሃል ላይ አይንቀሉት።

ቢትሎከርን መርሳት

ቢትሎከር ዊንዶው ዲስክን የሚቆልፍበት ፕሮግራም ነው፤ ይሄኛው ግን በእውነት ተቆልፏል። በተለይ ዊንዶው 11 ያለበት ላፕቶፕ በማይክሮሶፍት አካውንት ከተከፈተ ባለቤቱ ሳያውቀው ዲስኩን ሊቆልፍ ይችላል። ሳያውቀው የሚቆየውም ቁልፉ የድሮው ማዘርቦርድ ላይ ባለች ቲፒኤም በምትባል ቺፕ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር በራሱ ስለሚከፍት ነው። ዲስኩ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠየቃል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጧል፤ በዚያው ኢሜይል ገብተው ይፈልጉት። ችግሩ አካውንቱን የከፈተው ላፕቶፑን የሸጠልዎት ልጅ ከሆነ ነው። ኢሜይሉም ፓስወርዱም የእሱ ነው።

አሮጌው ኮምፒውተር አሁንም የሚነሣ ከሆነ ዲስኩን ከመፍታትዎ በፊት ሴቲንግ ገብተው ቢትሎከርን ያጥፉት። ቁጥሩ ጨርሶ ከሌለ ግን "እኔ እሰብረዋለሁ" ለሚል ሰው ብር አይክፈሉ።

ዶክመንትስን ብቻ ኮፒ አድርጎ ጨርሻለሁ ማለት

የሰው ፋይል ዶክመንትስ ውስጥ አይኖርም። ዴስክቶፕ ላይ ነው ያለው፤ ዳውንሎድስ ውስጥ "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" በሚባለው ፎልደር ነው ያለው፤ ዲ በሚባለው ክፍል ነው ያለው። የብሮውዘር ቡክማርክ አፕዳታ በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠሩ ሰዎች በዚህ በኩል ብዙ ይጎዳሉ፤ የድርጅቱ መዝገብ የሚቀመጠው ፕሮግራሙ በራሱ በከፈተው ፎልደር ውስጥ እንጂ ዶክመንትስ ውስጥ አይደለም። አሮጌው ማሽን የሚነሣ ከሆነ ከፕሮግራሙ ውስጥ ባክአፕ ያውጡ። አዲሱ ላይ የሚጫነው ፒችትሪም ከድሮው ጋር እኩል ወይም የበለጠ ቨርዥን ይሁን፤ የቀደመ ቨርዥን የኋለኛውን መዝገብ አይከፍትም።

ፕሮግራሞቹን ከፕሮግራም ፋይልስ ኮፒ አድርጎ ማምጣት ግን ድካም ነው። እንደገና መጫን አለባቸው። ደግሞ "ከት" አይበሉ፣ "ኮፒ" ይበሉ፤ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ዋናው ካለበት አይነቃነቅም።

ፎንቱን መርሳት

ይህን ስህተት በውጭ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ አይነግርዎትም። የጽሕፈት ሥራ ያላቸው አንዲት እናት አዲስ ኮምፒውተር ገዝተው፣ ፋይላቸውን ሁሉ አዛውረው፣ በሳምንቱ እየተጨነቁ መጡ።

"ልጄ፣ አዲሱ ኮምፒውተር አማርኛዬን በላው።"

ደብዳቤዎቻቸውን ስንከፍት ሁሉም የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እንዲያውም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ሲጻፍ የአማርኛው ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ኮድ ላይ ተደርቦ ነበር የሚቀመጠው። ፎንቱ ከሌለ ከሥር ያለው ኮድ ብቻ ይታያል። ስለዚህም ጽሑፉን መርጦ ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት መለወጥ አይፈይድም፤ ኮዱ አማርኛ አይደለማ።

"እትዬ፣ አሮጌው ዲስክ የት አለ?" አልኳቸው።

"ለልጅ ልጄ ፊልም መጫኛ ሰጠሁት።"

ደግነቱ ልጁ ፊልም ጨመረበት እንጂ የነበረውን አላጠፋም። ከአሮጌው ዲስክ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ፎንትስ ከሚለው፣ የግዕዝ ፎንቶቹን ኮፒ አድርገን አዲሱ ላይ ጫንን፤ አማርኛው ተመለሰ። እርስዎም ዲስኩን ከማጽዳትዎ በፊት ያን ፎልደር እንዳለ ያስቀሩት፤ ቦታ አይፈጅም። ጊዜ ሲያገኙ ደግሞ ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ያስቀይሩ።

የሚያቃስት ዲስክን ማድከም

ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ከወሰደበት ቸክዲስክ የሚባለውን የዊንዶው ዲስክ መጠገኛ አያስነሡበት። ቸክዲስክ ማውጫውን የሚያስተካክለው እየጻፈ ነው፤ ለታመመ ዲስክ ያ ተጨማሪ ሸክም ነው። ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ያሳያል፤ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 በሚባሉት መስመሮች ላይ ከዜሮ የበለጠ ቁጥር ካዩ ጊዜ የለዎትም። መጀመሪያ የማይተካውን፣ ፊልምና ሙዚቃውን መጨረሻ ኮፒ ያድርጉ። ኮፒው እየተቋረጠ ካስቸገረ በሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው በተባለው ፕሮግራም ዲስኩን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይሻላል፤ ደህናውን ክፍል ቀድሞ አውጥቶ ወደ ተበላሸው በኋላ ነው የሚመለሰው።

ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የሚባለውን ምክር ይተዉት፤ ሲወጣ ውስጡ እርጥበት ይይዛል። ክዳኑንም አይክፈቱ። የሚያነበው ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ነው፤ የቤት አቧራ ለእሱ ቋጥኝ ነው።

ቫይረሱን አብሮ ማዛወር

ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ አይንኳቸው፤ ሾርትከቱን መክፈት ቫይረሱን ማስነሣት ነው። እውነተኞቹ ፎልደሮች ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም። በታደሰ አንቲቫይረስ ስካን አድርገው የተደበቁትን ያውጡ።

ሳያጸዱ መሸጥ

ፋይሉ ከወጣና ሁለት ቦታ ከተቀመጠ በኋላ አሮጌው ዲስክ ጤነኛ ከሆነ ለተጨማሪ ባክአፕ ይሆናል፤ ብቸኛ ማስቀመጫ ግን አያድርጉት፣ ዕድሜው ሄዷል። የሚሸጡት ከሆነ "ኩዊክ ፎርማት" የሚለውን ምልክት ያንሡና ሙሉውን ያስኬዱ፤ ከዊንዶው ቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት ዲስኩን በዜሮ ይሸፍነዋል። የሚሽከረከር ሳህን ለሌለው ለኤስኤስዲ ግን አምራቹ ያወጣውን የማጥፊያ ፕሮግራም ይጠቀሙ። የማይነሣና የደንበኛ ሰነድ ያለበት ዲስክ ከሆነ መዶሻ ይሻለዋል። በላፕቶፕ ዲስክ ውስጥ ያለው ሳህን ብዙ ጊዜ መስታወት ነው፤ በጨርቅ ጠቅልለው ይምቱት፣ ዓይንዎንም ይሸፍኑ።